ለአኳሪየም የምታነሱት ድንጋይ፦ መቀቀል የማይመልሰው ጥያቄ

አኳሪየም፣ ማለትም ዓሳ የሚኖርበት የመስታወት ገንዳ፣ የገዛ ሰው ብዙ ሳይቆይ ድንጋይ ፍለጋ ይወጣል። ሱቅ ውስጥ ያለው ጌጥ ዋጋው አይቀመስም። ግማሹም ቀለም የተቀባ ፕላስቲክ ነው። ድንጋይ ደግሞ በየወንዙ ዳርና በየገደሉ ሥር በነጻ ተቀምጧል፤ ቅርጹም ከፋብሪካው ይበልጥ ያምራል። ስለዚህ እሁድ ከከተማ ወጣ ያለ ሰው ሁለት ሦስቱን ጭኖ ይመለሳል። ከዚያ ዓሳ ያለው ወዳጁን ይጠይቃል። መልሱ ሁሌም ያው ነው፦ «ቀቅለህ ክተተው።»

ምክሩ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ግን የሚመልሰው ትንሹን ጥያቄ ነው። መቀቀል ጀርም ይገድላል። ድንጋዩ ከምን እንደተሠራ ግን አይቀይርም። ዓሳን ቀስ በቀስ የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ይኸኛው ነው፦ ከድንጋዩ እየሟሟ ውሃው ውስጥ የሚገባው ነገር። በዚያ ላይ አቀቃቀሉን ካላወቁበት አደጋው ለዓሳው ሳይሆን ለቀቃዩ ነው።

ድንጋይ ውሃ ውስጥ ይሟሟል እንዴ?

አንዳንዱ ይሟሟል፤ ዓይን እያየው ባይሆንም። ዋናው ተጠርጣሪ የኖራ ድንጋይ ነው። በሃ ድንጋይ የሚሉትም አሉ። የተሠራው ካልሲየም ካርቦኔት ከሚባል ማዕድን ነው። እብነ በረድም ያው የኖራ ድንጋይ ነው፤ መሬት ውስጥ በሙቀትና በጫና ጠንክሮ እንጂ። ዛጎልና ኮራልም ከዚሁ ማዕድን የተሠሩ ናቸው።

ይህ ማዕድን በንጹሕ ውሃ ብዙም አይሟሟም። የአኳሪየም ውሃ ግን ሌላ ነገር ነው። ዓሳ ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ጋዙ ውሃ ውስጥ ሲገባ ደካማ አሲድ ይሆናል። አሲዱ ድንጋዩን ይበላዋል፤ ካልሲየሙም ወደ ውሃው ይሄዳል። ባሌ ውስጥ ሶፍ ዑመር ዋሻን ያየ ሰው የዚህን ሥራ ውጤት አይቷል። የወይብ ወንዝ ያን 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ዋሻ የፈለፈለው በኖራ ድንጋይ መሐል ነው። አኳሪየም ውስጥ ዋሻ እስኪሆን የሚጠብቅ የለም። የውሃውን ጠባይ ለመቀየር ግን ጥቂት ሳምንታት ይበቁታል።

የሚቀየሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የውሃው ጠጣርነት ነው። ይህም ውሃው ውስጥ ያለው የካልሲየምና የማግኒዥየም መጠን ማለት ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራው፣ ሳሙናውን አረፋ አልሰጥ የሚያስብለው ውሃ ጠጣር ውሃ ነው። ሁለተኛው ፒኤች ነው። ውሃው ምን ያህል አሲዳማ ወይም አልካላይን እንደሆነ የሚለካበት ቁጥር ነው። 7 መሐል ላይ ነው። ከ7 በታች አሲዳማ፣ ከ7 በላይ አልካላይን ይባላል። የኖራ ድንጋይ ሁለቱንም ወደ ላይ ይጎትታቸዋል።

ታዲያ ዓሳውን ይጎዳዋል?

እንደ ዓሳው ነው። ጋፒና ሞሊ ጠጣር ውሃ ይወዳሉ። ጎልድፊሽም አይከፋውም። በምሥራቅ አፍሪካ ከማላዊና ከታንጋኒካ ሐይቆች የሚመጡት ሲክሊዶች፣ የኛው የቆሮሶ ዘመዶች፣ ያለ አልካላይን ውሃ አይመቻቸውም። የማላዊ ሐይቅ ፒኤች 8ን ያልፋል፤ ታንጋኒካ ደግሞ 9 ይጠጋል። እነዚህን የሚያረባ ሰው የኖራ ድንጋይ ፈልጎ ነው የሚያስገባው።

ኒዮን ቴትራና ዲስከስ ግን የአማዞን ወገን ናቸው። የለመዱት ለስላሳና አሲዳማ ውሃ ነው። የኖራ ድንጋይ ቢገባባቸው በአንድ ጀምበር አይሞቱም። ቀለማቸው ይደበዝዛል፤ ክንፋቸውን ሰብስበው ጥግ ይይዛሉ። ባለቤቱ ምግቡን ይቀይራል፣ መድኃኒት ይገዛል፣ ማጣሪያውን ይፈታል። ድንጋዩን ማን ይጠረጥራል?

የራሳችሁ የቧንቧ ውሃም ሒሳብ ውስጥ ይገባል። አዲስ አበባ ውስጥ ከገፈርሳና ከለገዳዲ ግድቦች የሚመጣው ውሃ ከአቃቂ ጉድጓዶች ከሚወጣው ይለሰልሳል። ስለዚህ «እኔ ጋ ምንም አልሆነም» የሚል የሌላ ሰፈር ሰው ምክር እናንተ ቤት ላይሠራ ይችላል።

የት ቦታ ምን ዓይነት ድንጋይ አለ?

አዲስ አበባና አብዛኛው ደጋ የተቀመጠው ከእሳተ ገሞራ በወጣ ድንጋይ ላይ ነው። ይህ መልካም ዜና ነው። በየቦታው የምናየው ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልት የሚባለው፣ ውሃ ውስጥ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ግራናይትና ኳርትዝም እንደዚያው ናቸው። መንገድ ላይ የሚደለደለው ቀይ አሽም የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው። ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ ውሃ የሚያጠሩ ባክቴሪያዎች ይሰፍሩበታል። ለአኳሪየም ሁነኛ ድንጋይ ነው፤ ትዕግሥት ካላችሁ። አቧራው ታጥቦ ታጥቦ አያልቅም። ጠርዙም ስለታም ነው፤ እንደ ጎልድፊሽ ላለ ተንጎራዳጅ ዓሳ አይመከርም።

የኖራ ድንጋይን አገር ለማወቅ ደግሞ ቀላል ፍንጭ አለ። ሲሚንቶ የሚሠራው ከኖራ ድንጋይ ነው። ሙገር፣ ደርባ፣ መቀሌና ድሬዳዋ የሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለው ድንጋዩ እዚያው አቅራቢያ ስላለ ነው። የዓባይ በረሃን ቁልቁል ስትወርዱ በሁለቱም በኩል የሚታየው ነጣ ያለ ገደልም በብዛት ይኸው ነው። ከእነዚህ አካባቢዎች የመጣ ድንጋይ እስኪፈተን ድረስ ይጠርጠር።

መሐል ሰፋሪዎችም አሉ። ለቤት ፊት የሚለጠፈው የአምቦ ድንጋይ የአሸዋ ድንጋይ ነው። የአሸዋ ድንጋይ ቅንጣቶቹን አያይዞ የያዘው ነገር አንዳንዴ ኖራ ሊሆን ይችላል። በዓይን ብቻ አይለይም። በስምጥ ሸለቆ እንደ ሻላና አቢጃታ ካሉ ሶዳ የበዛባቸው ሐይቆች ዳር የሚነሳ ድንጋይ ደግሞ ውስጡ ጥቁር ድንጋይ ቢሆንም ላዩን ነጭ ቅርፊት ለብሶ ሊገኝ ይችላል። ቅርፊቱ ነው ነገረኛው። (እዚያ ያለው ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ ድንጋዩን ባለበት ተዉት።)

ባልጩት ያምራል። መስታወት ነው፤ አይሟሟም። ሲሰበር ግን እንደ ምላጭ ይቆርጣል፤ የዓሳ ቆዳ አይችለውም። ሌላም ነገር አለ። መልካ ቁንጥሬና ባልጪት እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት ጥንታዊ ሰዎች ከባልጩትና ከሌሎች ድንጋዮች የጠረቡት መሣሪያ ስለተገኘባቸው ጭምር ነው። እዚያ አካባቢ መሬት ላይ ወድቆ ያገኛችሁት ቁራጭ ድንጋይ ብቻ ላይሆን ይችላል።

በአቼቶ እንዴት ይፈተናል?

ማንም ቤቱ ሊያደርገው የሚችለው ፈተና ይህ ነው። ድንጋዩን እጠቡና አድርቁት። ከዚያ በምስማር ወይም በቢላ ጫፍ አንድ ቦታ ላይ ፋቁት። ዝናብና ፀሐይ የመታው ላይኛው ሽፋን እውነቱን ስለሚደብቅ አዲስ ፊት ያስፈልጋል። በፋቃችሁት ቦታ ላይ ጥቂት ጠብታ አቼቶ አፍስሱ። ብርሃን ባለበት ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ ጆሮም አስጠጉ። ኖራ ካለበት ደቃቅ አረፋ እየተከታተለ ይወጣል፤ አንዳንዴ ሽ የሚል ድምፅ ይሰማል። ጠብታው ዝም ብሎ ከፈሰሰ ኖራ የለበትም ወይም በጣም ትንሽ ነው።

ሁለት የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። አንደኛው ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ነው። ቀይ አሽ ላይ ማንኛውንም ፈሳሽ ብታፈሱ ከቀዳዳው አየር እየወጣ አረፋ ይሠራል። ለመለየት መጀመሪያ ሌላ ጎኑ ላይ ተራ ውሃ ጠብ አድርጉ። ውሃውም አረፋ ካወጣ የምታዩት አየር ነው። የአየሩ አረፋ ቶሎ ያበቃል፤ የኖራው አቼቶው እስኪደክም ይቀጥላል።

ሁለተኛው ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ጥቁር ድንጋይ ነው። ወንዝ ዳር በብዛት አለ። ላቫው ሲቀዘቅዝ ጋዝ የተወው ትንንሽ ቀዳዳ በኋላ በሌላ ማዕድን ተሞልቶ ነው። ጥቁሩ ላይ አቼቶ ብታፈሱ ምንም አይሆንም። ነጩ ላይ ብታፈሱ ግን ሊንጣጣ ይችላል፤ የተሞላበት ማዕድን ካልሳይት ከሆነ ኖራ ማለት ነው። ካልተንጣጣ ሌላ ማዕድን ነው፤ አይረብሽም። ስለዚህ ነጩንም ጥቁሩንም ለየብቻ ፈትኑ።

አረፋ ያወጣ ድንጋይ ሁሉ ይጣል ማለት ግን አይደለም። መቶ ሊትር ውሃ ውስጥ አንዲት ነጭ ሰረዝ ያላት ድንጋይ ብትገባና ውሃው በየሳምንቱ በከፊል ቢቀየር የሚታይ ለውጥ አይመጣም። ጋፒ ብቻ ያለው ሰውም መጨነቅ የለበትም።

አቼቶ የማያሳየውስ?

አቼቶ ደካማ አሲድ ነው። ኖራ ትንሽ ብቻ ያለበትን ድንጋይ ሊያልፈው ይችላል። ጀሶን ጨርሶ አያሳይም። ጀሶ ካልሲየም አለው፤ ውሃ ውስጥም ከኖራ ይበልጥ ይሟሟል፤ ግን አረፋ አያወጣም። በጥፍር የሚፋቅ ለስላሳ ነጭ ድንጋይ ካገኛችሁ ተዉት።

ብረት ነክ ማዕድንም በአቼቶ አይታይም። እዚህ ላይ ዓይን ነው የሚሠራው። ወርቅማ ወይም ብርማ ብልጭታ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሽፋን፣ ሲነኩት እጅ የሚያበላሽ ዝገት ያለበትን አትውሰዱ። አረንጓዴና ሰማያዊው ብዙ ጊዜ የመዳብ ምልክት ነው። መዳብ በጥቂቱም ቢሆን ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ይገድላል። ወርቅ የሚመስለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፓይራይት ነው፤ ውሃና አየር ሲያገኘው አሲድ ያወጣል።

ስለዚህ ሁለተኛ ፈተና አለ። ድንጋዩን ንጹሕ ባልዲ ውስጥ አስቀምጡና አኳሪየሙ ላይ የምትጠቀሙበትን ውሃ ሙሉበት። ሌላ ባልዲ ደግሞ ያለ ድንጋይ ያንኑ ውሃ ሞልታችሁ ጎን ለጎን አኑሩ። የሁለቱንም ፒኤችና ጠጣርነት በወረቀት መለኪያ ለኩ። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ደግማችሁ ለኩ። ልዩነት ካለ ያመጣው ድንጋዩ ነው። ባዶው ባልዲ ለምን ያስፈልጋል? የቧንቧ ውሃ ዝም ብሎ ሲቀመጥም ፒኤቹ ትንሽ ይቀየራል፤ በዚያ ድንጋዩን እንዳትከሱት ነው። እኔ ከሁሉም ፈተና የማምነው ይህንን ነው፤ የድንጋዩን ስም ሳትጠይቁ ሥራውን ስለሚያሳያችሁ። ውሃው ላይ የዘይት ቀለም ከተንሳፈፈ ወይም ከሸተተ ነገሩ ያለ መለኪያ አለቀ።

ከየት አይነሳም?

ከተማ መሐል ካለ ወንዝ አታንሱ። አቃቂም ሆነ ቀበና የቤት ፍሳሽና የፋብሪካ ቆሻሻ ይቀበላሉ። ቀዳዳ ያለው ድንጋይ እዚያ ውስጥ ዓመታት ከተቀመጠ የጠጣውን ሁሉ መልሶ ይተፋል። መቀቀል ከባድ ብረት የሚባሉትን እንደ ሊድ ያሉ መርዘኛ ብረቶች አያጠፋም። ከላቫጆና ከጋራዥ አጠገብ፣ ፀረ አረም ከሚረጭበት እርሻ ዳር የሚነሳም እንደዚያው ነው። ከመንገድ ሥራ የተረፈ ኮብል ድንጋዩ ጥሩ ነው፤ ግን አዲሱንና መኪና ያልቆመበትን ምረጡ።

ሐይቅና ወንዝ ውስጥ ገብቶ ማንሳት ሌላ ጣጣ አለው፤ እሱም ቢልሃርዚያ ነው። ጣናና ዝዋይን ጨምሮ በብዙ ውሃዎቻችን ዳር ትሉን የምታሰራጨው ቀንድ አውጣ አለች። ትሉ ከቀንድ አውጣዋ ወጥቶ ውሃው ውስጥ በቆመ ሰው ቆዳ በኩል ይገባል። ደርቆ ከተቀመጠ ድንጋይ አይተላለፍም፤ አደጋው የሚለቅመው ሰው እግር ላይ ነው። ስለዚህ ከውሃው የራቀውን፣ ፀሐይ ያደረቀውን አንሱ። እርጥብ ድንጋይ ካመጣችሁ የተለጠፈበትን ቀንድ አውጣና ዝልግልግ እንቁላል በጓንት ፍቃችሁ ጣሉ።

ልቀቅለው ወይስ ልተወው?

አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። የዓሳ ጥገኛ ተሕዋስያን የሚኖሩት በዓሳና በውሃ ነው። በጠንካራ ብሩሽ የተፈተገ፣ ሙቅ ውሃ የፈሰሰበትና ፀሐይ ላይ ሁለት ሳምንት የሰነበተ ድንጋይ ለቤት አኳሪየም በቂ ንጹሕ ነው።

የመቀቀል አደጋው ውስጡ የተደበቀ ውሃ ነው። ነገሩ ፈንዲሻ ነው። የበቆሎዋ ፍሬ ውስጥ ያለችው ጥቂት እርጥበት እንፋሎት ትሆናለች፤ መውጫ ስታጣ ፍሬዋን ታፈነዳለች። ውሃ እንፋሎት ሲሆን ቦታው ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል። ድንጋይም ስንጥቁ ውስጥ ውሃ ከቋጠረ ሊፈነዳ ይችላል፤ የሚበተነውም ስለታም ስብርባሪ ነው።

ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከመፍያው አያልፍም። አዲስ አበባ ከፍታዋ ትልቅ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። አደጋው የሚመጣው ውሃው አልቆ ድስቱ ሲደርቅ ወይም ቀዝቃዛ ድንጋይ የፈላ ውሃ ውስጥ ሲወረወር ነው። ምጣድ፣ ኦቨን፣ ማይክሮዌቭ፣ ከሰልና በእንፋሎት የሚያበስል ዝግ ድስት ፈጽሞ አይሞከሩም። የግድ እቀቅላለሁ የሚል ሰው ድንጋዩን ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር ይጣደው፣ ቀስ ብሎ ያሙቀው፣ ድስቱን ትቶ አይሂድ፣ ከማውጣቱ በፊትም ድንጋዩ እዚያው ውሃው ውስጥ ይቀዝቀዝ። እንደ ንብርብር የሚገለጥ ድንጋይ ግን ለዚህም አይሆንም።

ዱባይ፣ ጅዳ ወይም ሌላ ባሕር ዳር ከተማ ላላችሁ አንድ ነገር ላክል። ከባሕር የወጣ፣ ሕይወት ያለው ነገር የተለጠፈበት ድንጋይ አይቀቀልም። ዞአንቲድ የሚባሉ የኮራል ዘመዶች አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ አላቸው። ድንጋዩን ሲቀቅሉ በእንፋሎቱ ታመው ሆስፒታል የገቡ ሰዎች አሉ።

በረኪናስ?

ላዩ ድፍን ለሆነ ድንጋይ ይሠራል። አንድ እጅ በረኪና በ10 እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ዘፍዝፉት። ከዚያ ደጋግማችሁ እጠቡ፤ ክሎሪን ማጥፊያ በገባበት ውሃ ውስጥ አሳድሩት፤ ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ ፀሐይ ላይ አድርቁት። ቀይ አሽና ሌላ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ግን በረኪናውን ውስጡ ይዞ ይቀራልና ይለፈው።

በረኪናና አቼቶ በምንም ምክንያት አይገናኙ። ሲቀላቀሉ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ሳንባ ይጎዳል። ድንጋዩን በአቼቶ የፈተናችሁት ከሆነ በደንብ ታጥቦ ይድረቅ፤ በረኪናው ሌላ ቀን፣ ደጅ ላይ ይሁን። ሳሙና፣ ላርጎና የልብስ ዱቄት ሳሙናም አይነኩትም። ቅሪታቸው የዓሳውን ስንጥብ ይጎዳል።

መስታወቱንስ ቢሰብረው?

ሊሰብረው ይችላል። አንድ ሊትር የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ወደ 3 ኪሎ ይመዝናል። ውሃ ውስጥ ሲገባ ክብደቱ በአንድ ኪሎ ገደማ ይቀንሳል፤ ጠረጴዛው የሚሸከመው ግን ያንኑ ሁሉ ነው። ትልቁን ድንጋይ አሸዋው ላይ አታስቀምጡ። ዓሳ ሥሩን ሲቆፍር ይዘማል። መጀመሪያ መስታወቱ ላይ ስስ ፎም አንጥፉ፣ ድንጋዩን አስቀምጡ፣ አሸዋውን ከዚያ በኋላ ዙሪያውን አልብሱት። ተደራርቦ የሚቆም ከሆነ ሻጋታ መከላከያ ባልተጨመረበት ንጹሕ ሲሊኮን ይጣበቅ። ሲሊኮኑ የአቼቶ የሚመስል ሽታው እስኪጠፋ ውሃ አይነካውም። የግንባታ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ብዙውን ጊዜ ሻጋታ መከላከያ ያለበት ስለሆነ ካርቶኑን አንብቡ።

ስለቱን በጨርቅ ፈትኑት። የቆየ የናይለን ካልሲ ድንጋዩ ላይ ስትጎትቱት ከያዘው የዓሳውንም ክንፍ ይይዘዋል። ያንን ጠርዝ በሌላ ድንጋይ ሞርዱት ወይም ወደ ግድግዳው አዙሩት።

ከገባ በኋላ ምን ይጠበቃል?

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቡናማ ሽፋን ድንጋዩ ላይ ሊወጣ ይችላል። በአዲስ አኳሪየም የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ፒኤቹን በየሳምንቱ ለኩ። ወር ሙሉ ካልተንቀሳቀሰ ድንጋዩ ቤተኛ ሆኗል። ከዚያ ወዲያ ሲቆሽሽ በቧንቧ ውሃ አትፈትጉት። ላዩ ላይ የሰፈሩት ባክቴሪያዎች የዓሳውን እዳሪ መርዝነት የሚቀንሱ ናቸው፤ ክሎሪን ይገድላቸዋል። ውሃ ስትቀይሩ ከአኳሪየሙ በወጣው አሮጌ ውሃ ውስጥ ነከር አድርጋችሁ መልሱት።